ቆጣሪው ያልመሰከረለት ባለ ሙሉ ፓኬጅ

ሰውን ሥራው ያንጸዋል የሚባለው በአብዛኛው እውነት ነው፤ ቆጣሪ አንባቢውን ግን ሥራው አበላሸው። ከጉልምስናው መባቻ ጀምሮ ከግቢ ግቢ እየዞረ የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነበር። በር ያንኳኳል፤ «መብራት!» ይላል፤ ውሻው እስኪታሰር ይጠብቃል፤ ገብቶ ቁጥሩን ይመዘግባል፤ ይወጣል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጤነኛ ዓይንና ጤነኛ እግር ብቻ ነው። የእርሱ ዓይን ግን ቆጣሪው ላይ ማረፍ አልሆነለትም፤ ይቅበዘበዝ ነበር። በአሮጌዎቹ ቤቶች ቆጣሪው የሚሰቀለው በወጥ ቤቱ መግቢያ ላይ ስለሆነ፣ አንባቢው የባለቤቱ ዘመዶች እንኳ ያላዩትን ጓዳ ያያል። ማን አዲስ ማቀዝቀዣ እንዳስገባ፣ የማን ልብስ ማጠቢያ በራሱ እንደሚጨምቅ፣ የማን ወጥ ቤት እንደ ሱቅ መስኮት እንደሚያብረቀርቅ ያውቅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ማየት የተማረው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፤ እርሱም የተሳሳተ ነበር። የሰው ክብር በቆጣሪው ውስጥ በምትዞረው ቀጭን ክብ ብረት ፍጥነት ይለካል ብሎ አመነ። ብረቷ ስትከንፍ ባለቤቱን ጎንበስ ብሎ ይሰናበታል፤ ስትንፏቀቅ ደግሞ ቀልድ ይመጣበታል። አንድ ጊዜ፣ አንዲት አምፖል ብቻ ከሚበራበት ቤት ገብቶ ቁጥሩን ሲያይ፣ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት አጠገቡ ቆመው ነበር።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ሰው ይኖራል ወይስ ቆጣሪው ብቻውን ነው?» አላቸው።

«እኔ እኖራለሁ፤ አንተ ካላየኸኝ ዓይንህን ታከም» አሉት አሮጊቲቱ።

ከት ብሎ ስቆ ወጣ። ስድብ መሆኑ አልገባውም።

ጠዋት በሰው ቤት ያየውን ማታ በራሱ ቤት ይመኘዋል፤ ደመወዝ ሲወጣ ይገዛዋል። የሽንኩርት መክተፊያ ማሽን ገዛ። የዳቦ መጋገሪያ ማሽን ገዛ። አንድ ቁመተ ረጅም ደንበኛ ቤት ውስጥ ባለበት የሚሮጥበት ማሽን አይቶ፣ በሥራው ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚሄደው ሰውዬ ማታ ቤቱ ገብቶ የሚሮጥበት ማሽን ገዛ። እንቁላል ብቻ የሚቀቅል ዕቃ፣ ምንጣፍ ብቻ የሚጠርግ ዕቃ፣ የእግርን መዳፍ እየነዘረ ድካም ያወጣል የተባለ ሌላ ዕቃ ተከታትለው ገቡ። ምንጣፍ ግን በቤቱ አልነበረም። ይህን ሲነግሩት፣ «እሱም ይገዛል» ነበር መልሱ።

ሚስቱ የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ወጥ ሠሪ ናት። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ሰፈር ሙሉ ሕፃናት አብልታ፣ የሰው ቁመት የሚያህሉ ድስቶች አጥባ፣ ከቀትር በኋላ እግሯን እየጎተተች ትመለሳለች። የሽንኩርት መክተፊያው የገባ ዕለት እንደ ሙያተኛ ተጠየቀች።

«እስቲ ሞክሪውና ፍረጂ!»

ከፈታችው፤ ስለቱን አየችው፤ ገለባበጠችውና መልሳ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠችው።

«አንተ ሰው፣ ይህን ፈትቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ መልሼ እስክገጥመው እኮ ሽንኩርቱ በቢላዋ ተከትፎ፣ ወጡ ተሠርቶ፣ ተበልቶ፣ ሳህኑም ታጥቦ ነበር።»

«አንቺ ደግሞ ሥልጣኔ አይገባሽም።»

«ሥልጣኔው ከመጣ ቀስቅሰኝ፤ አሁን ልተኛ።»

እንዲህ እንዲህ እያለ የኋለኛው ክፍል ሞላ። ካርቶን በካርቶን ላይ ተደረበ፤ የመሮጫው ማሽን እርጥብ ልብስ ተሰጣበት፤ በሩም እስከ እኩሌታው ብቻ የሚከፈት ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ግን ባልየው በዚያች ቀዳዳ ትከሻውን እያሾለከ፣ «ይኸኛው ዳቦ ይጋግራል፤ ያኛው እግር ያሻል፤ ከሥር ያለው... እሱን ሌላ ጊዜ አሳይሃለሁ» እያለ ያስጎበኝ ነበር። ከሥር ያለው ምን እንደሆነ እርሱም ረስቶታል።

ከሁሉ የላቀው ክብሩ ጣሪያው ላይ የተተከለው ሳህን ነበር። በየወሩ እየከፈለ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ሁሉ አንድም ሳይቀር የሚያገኝበት ደንበኝነት ገብቶ ነበር። የኳሱ፣ የፊልሙ፣ የአራዊቱ፣ በማያውቀው ቋንቋ የሚነበበውም ዜና ጭምር የእርሱ ነበሩ። ይሁን እንጂ ኳስ የሚያየው ሻይ ቤት ተቀምጦ ነው። ለብቻ ማየት አይጥምም፤ ጎል ሲገባ አብሮ የሚጮህ ሰው ያስፈልጋል፤ ሚስቱ ደግሞ በጊዜ ትተኛለች። ስለዚህ በሰው ቴሌቪዥን ኳስ እያየ፣ «እኔ እኮ ቤት ሙሉ ፓኬጅ አለኝ» ማለት ልማዱ ሆነ። ይህንኑ ደጋግሞ ከማለቱ የተነሣ የሻይ ቤቱ ሰዎች ስሙን ትተው «ባለ ሙሉ ፓኬጅ» አሉት። እርሱም ስሙን እንደ ሹመት ተቀበለው። ሚስቱ በበኩሏ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የተባለው ለዚህ ሳህን ነው» ትል ነበር።

በመሥሪያ ቤቱ ደንብ አንባቢ የራሱን ሰፈር ቆጣሪ አያነብም። የባለ ሙሉ ፓኬጅን ሰፈር ለብዙ ዘመን ያነቡ የነበሩት ሽማግሌ ምሳቸውን ለብቻቸው የሚበሉ፣ የማንንም ወሬ የማይሰሙ ሰው ስለነበሩ፣ በቆጣሪውና በባለቤቱ አፍ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያይ አልነበረም። እርሳቸው ጡረታ ሲወጡ ሰፈሩ የተሰጠው ድምፁ ከከንፈሩ አልፎ ስለማይሰማ «ለሆሳስ» ለሚባለው ባልደረባው ነበር። ለሆሳስ ደግሞ በየምሳ ሰዓቱ ከባለ ሙሉ ፓኬጅ ፊት ለፊት እየተቀመጠ የዳቦ ማሽኑን፣ የመሮጫውን፣ የእግር ማሻውን ዝና ከአንድ እስከ መጨረሻው ያዳመጠ ሰው ነው።

ለሆሳስ የባልደረባውን ቆጣሪ አይቶ ዓይኑን ማመን አቃተው። ክቧ ብረት ትዞራለች ከማለት ቆማለች ማለት ይቀልላል። ቁጥሩ ብቻቸውን በአንዲት አምፖል ከሚኖሩት አሮጊት ቁጥር በጥቂት ይበልጥ እንደሆነ ነው። በማግሥቱ ምሳ ላይ፣ ክፋት ሳያስብ፣ ዳቦውን እየቆረሰ ጠየቀው።

«ስማ እንጂ፤ ቆጣሪህ ምን ሆኗል? ታሟል እንዴ?»

«ምን ሆነ?»

«አይዞርም። ያን ሁሉ ማሽን የምታስነሣው በምንድን ነው፤ በጸሎት ነው?»

ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ባለ ሙሉ ፓኬጅ ለመዳን የሚያስፈልገው አንዲት አጭር እውነት ነበረች፤ «አንጠቀምበትማ» ማለት። ያቺን ቃል ለማውጣት ግን ብዙ ዓመት የገነባውን በአንድ ትንፋሽ ማፍረስ ነበረበት። ስለዚህ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ በአንድ ዓይኑ ጠቀሰና እንዲህ አለ፦

«ቆጣሪ የሚያውቅ ሰውማ ቆጣሪ አይበላውም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ይህን በሌላ መሥሪያ ቤት ያለ ሰው ቢናገረው ቀልድ ይሆን ነበር። እርሱ የተናገረው ግን መብራት ሰራቂ ማጋለጥ እንጀራቸው በሆነ ሰዎች መካከል፣ ያውም የክፍሉ ኃላፊ ሴትዮ ከኋላው ሻይ ይዛ ቆማ ሳለች ነበር። ሳቁ እንደ ተነቀለ ሶኬት ቀጥ አለ።

«ጨርሰህ ስትመጣ ቢሮ እፈልግሃለሁ» አለችው ኃላፊዋ።

ምሳውን ትቶ ተነሣ። ቢሮዋ ሲገባ እንዲቀመጥ አልጋበዘችውም።

«እስቲ ያልከውን ድገምልኝ።»

«አለቃዬ፣ ቀልድ ነው። የምሳ ሰዓት ቀልድ።»

«ቆጣሪ አንባቢ በቆጣሪ አይቀልድም። ያሉህን ዕቃዎች ለሰው ሁሉ ስትነግር ኖረሃል፤ ቆጣሪህ ደግሞ የለህም ይላል። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ።»

«እኔማ እንዴት እዋሻለሁ!»

«እንግዲያስ ቆጣሪው ይዋሻል ማለት ነው። የሚዋሽ ቆጣሪ ደግሞ ሰው የነካካው ነው። ነገ ከቀትር በኋላ ተቆጣጣሪ ይዘን እንመጣለን። ካገኘንብህ ሥራህ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ክሱም አለ። ስምህማ አብሮ ሄደ።»

በዚያች ሰዓት እንኳ እውነቱን አላወጣም። ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ የነገራት፣ «ነገ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ዕቃዎቼን ሊያዩ ይመጣሉ» የሚል ብቻ ነበር። ኩራት የለመደ ሰው የእሥር ቤቱንም በር እንደ ድግስ በር ያስመስለዋል።

በማግሥቱ ሦስት ሰዎች መጡ፤ ኃላፊዋ፣ ለሆሳስና መሰላል የተሸከመ ወጣት ተቆጣጣሪ። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ይመለከት ጀመር። ሚስትየው ከሥራ ተመልሳ ሳሎን ውስጥ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ነበር፤ ስታያቸው ልትነሣ ሞከረች።

«አይነሡ እትዬ፤ ሥራ ላይ ነን» አለ ተቆጣጣሪው።

የቆጣሪውን ማሸጊያ አየ፤ አልተነካም። ሽቦው ከምሰሶው እስከ ግድግዳው እንዴት እንደሚመጣ በመሰላል ወጥቶ መረመረ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ወርዶ እጁን አራገፈና፣ ከአባቱ ጋር የሚነጋገር ያህል በትሕትና፣

«ጋሼ፣ እስቲ ዕቃዎቹን በሙሉ ያብሩልንና ቆጣሪው ሲቆጥር እንየው» አለ።

የባለ ሙሉ ፓኬጅ መከራ እዚህ ላይ ተጀመረ። በቀዳዳዋ ገብቶ የዳቦ ማሽኑን አወጣ፤ ካርቶኑ ገና አልተከፈተም፤ ለሆሳስ በመቀስ ከፈተለት። የሽንኩርት መክተፊያው ስለት ከፋብሪካው በመጣበት ወረቀት እንደተጠቀለለ ነበር። የእግር ማሻው ገመድ አልተገኘም። ምንጣፍ መጥረጊያው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫን ክዳኑ ተከፈተ እንጂ ማሽኑ አልተነሣም፤ ሌላውን ቁልፍ ሲጫን ዘጋው። ከመሮጫው ማሽን ላይ የሚስቱን የሥራ ሽርጥ፣ ሁለት አንሶላና የራሱን የውስጥ ልብሶች በሰው ፊት መልቀም ግድ ሆነ። ኃላፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«የቱን ነው የምጫነው?» አለ በመጨረሻ፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«ያንተ አይደለም እንዴ?» አለ ለሆሳስ፣ ለስሙ በማይመጥን ድምፅ።

ቴሌቪዥኑም ተበራ። በሙሉ ፓኬጁ ፈንታ በመስታወቱ ላይ የወጣው ግን መቀበያው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ስላልታደሰ ባለቤቱ በትዕግሥት እንዲጠብቅ የሚያሳስብ ጽሑፍ ነበር። ሁሉም ቆመው ጠበቁ። ጽሑፉ አልሄደም።

እንደምንም የሚበራው ሁሉ ሲበራ፣ ቤቱ እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። የቆጣሪዋም ክብ ብረት ዓይን እስኪያምታታ ድረስ ከነፈች። ያ ፍጥነት ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ግድግዳ ላይ ያደነቀው ፍጥነት ነበር፤ በራሱ ቤት ሲያየው ግን አላማረውም። ተቆጣጣሪው ጥቂት አይቶ ሁሉንም አስጠፋ።

«ጋሼ፣ ቆጣሪው ጤነኛ ነው» አለ።

«አላልኳችሁም!»

«ጤነኛ በመሆኑ እኮ ነው ችግሩ። ይህ ሁሉ ዕቃ በየቀኑ የሚሠራ ቢሆን ቁጥሩ እዚህ አይቆምም ነበር። ስለዚህ የተሰወረ ሌላ መስመር አለ ማለት ነው። ግድግዳውን ከማፍረሴ በፊት ራስዎ ቢያሳዩኝ ይሻላል።»

«መስመር የለም! እኛ... እኛ ቆጣቢ ሰዎች ነን። በመጠን ነው የምንጠቀመው።»

«ዳቦ በየጠዋቱ እጋግራለሁ ብለሃል» አለ ለሆሳስ። «እሮጣለሁም ብለሃል። ሚስቴ ሽንኩርት በእጇ ነክታ አታውቅም ብለኸናል።»

በርጩማው ላይ ያሉት እግሮች ወረዱ። ሚስትየው ባሏን ትክ ብላ አየችው። እርሱም ባለቀለት ሰው ዓይን አያት፤ የልመናው ትርጉም ግልጽ ነበር፤ አንቺ ንገሪልኝ ነው።

«እኔ አልናገርልህም» አለችው ቀስ ብላ። «ስታወራ አብረን አላወራንም። አሁን ተናገራ! ወይ ሌባ ነኝ በል፤ ወይ እውነቱን በል።»

ተቆጣጣሪው ከቦርሳው መዶሻ አወጣ። ከአጥሩ በላይ ያሉት አንገቶች ረዘሙ። ባለ ሙሉ ፓኬጅ በዚያች ቅጽበት ሁለቱን ስሞች በሐሳቡ መዘናቸው፤ ሌባና ሞኝ። ሰው በእነዚህ ሁለት መካከል ለመምረጥ ማመንታት አልነበረበትም። እርሱ ግን አመነታ። በመብራት ሰራቂነቱ ውስጥ ቢያንስ ብልጠት አለበት፤ በሌላው ውስጥ ምንም የለበትም። ይህን ያህል ዘቅጦ ነበር።

«አንጠቀምባቸውም» አለ።

«የትኞቹን?»

«አንዱንም።»

«ዲሹንስ?»

«ኳስ የማየው ሻይ ቤት ነው።»

ተቆጣጣሪው መዶሻውን ቦርሳው ውስጥ መለሰ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለው ነበር። ኃላፊዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች በሩ ላይ ደረሰችና ዘወር አለች።

«ሞኝነትህን እንኳ ሁላችንም እናውቅ ነበር» አለችው። «የጨነቀን ሌባ እንዳትሆን ነው። በል፣ ነገ ሥራ ግባ።»

ሰው የሚደብቀውን ነውር ሲያወጣ ሰማይ የሚደፋ ይመስለዋል። የባለ ሙሉ ፓኬጅ ቁስል ግን ሰማዩ አለመደፋቱ ነበር። ይሸፍንበት የነበረው መጋረጃ ለእርሱ እንጂ ለሌላው ሰው ተጋርዶ አያውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የቴሌቪዥኑን ደንበኝነት ሊያቋርጥ ሄደ። ሚስቱ አብራው ሄደች፤ ምክንያቱንም አልተናገረችም፤ አላስፈለገም። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ፈገግ ብላ፣

«ጋሼ፣ ከሚያቋርጡ ዝቅ ያለውን ፓኬጅ ለምን አይሞክሩም? የልጆች ጣቢያ አለው» አለችው።

«ልጆቼ አድገው ወጥተዋል።»

«ለልጅ ልጆችዎ ይሆናላ! ለዚህ ወር ብቻ ደግሞ ቅናሽ አለ።»

«ቅናሽ?» አለ፤ ዓይኑም በራ።

«ያቋርጣል ልጄ» አለች ሚስቱ ከኋላው።

አቋረጠ።

ማሽኖቹን የማስወጣቱ ሥራ ከመግዛቱ የከፋ ሆነ። የዳቦ ማሽኑን ለወንድሙ ልጅ ሰጠ፤ የመሮጫውን ማሽን አራት ሰዎች አምጠው ከግቢ አስወጡት፤ የእግር ማሻውን የሚወስድ ጠፍቶ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ለመለዋወጫ ብሎ ወሰደው። የወሰዱትም ሁሉ ፊታቸው እያበራ ወሰዱ፤ ወስደውም እያንዳንዳቸው በየኋለኛው ክፍላቸው አስቀመጡት። ዕቃው ባለቤት ለወጠ እንጂ ሥራ አላገኘም። ከካርቶኖቹ ሁሉ ሥር የተገኘው ያ የተረሳው ዕቃ የእርጎ መሥሪያ ሆነ። እርጎ በዚያ ቤት የሚወድ የለም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሰውየው ተማረ ይባል ነበር። እርሱ ግን ሳምንት ሳይሞላው ምሳ ላይ ተለጥጦ ተቀመጠ።

«ዕቃ ባሪያ ያደርጋል፤ ስሙኝ» ይላል። «እኔ ሁሉንም ተውኩት። አንድም የለኝ! እናንተ አሁንም በየወሩ ትከፍላላችሁ አይደል? አይ፣ እንደ እናንተ በነበርኩበት ጊዜ!»

መተው መልካም ነገር ነው፤ የተዉትን ይዞ አደባባይ መውጣት ግን ያው ገበያ ነው። ሰውየው ቀድሞ በሙላቱ እንደኮራ አሁን በባዶነቱ ኮራ፤ የኮራበትንም ማሳየት አማረው። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ የለሆሳስን ክንድ ያዘ።

«ና ቤት እንሂድ፤ ክፍሉን ላሳይህ።»

«የትኛውን ክፍል?»

«የኋለኛውን ነዋ! ምንም የለበትም። ግድግዳውን ብቻ ብታይ አንተም ያለህን ሁሉ ትጥላለህ።»

ለሆሳስ ለመሄድ የተስማማው ከመንገዱ ጋር ስለገጠመለት ነው። ባለ ሙሉ ፓኬጅ ፊት ፊት እየሄደ ሳሎኑን አለፈ፤ በኮሪደሩ በኩል የኋለኛው ክፍል በር ላይ ደረሰ፤ በሩ አሁን እስከ መጨረሻው ይከፈታል። በታላቅ ትዕቢት ወለል አድርጎ ከፈተው።

ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ሚስቱ ከወገቧ በታች ጋቢ ጣል አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ ተኝታለች። ጫማዋ ጥግ ላይ ነው። ከመንገዱ ድምፅ የማይደርስበት፣ ሰው የማያልፍበት ክፍል ቤቱ ውስጥ እንዳለ ባልየው ገና ዛሬ ያየ ይመስል ነበር።

«ዝጋው» አለች ሳትዞር። «ብርሃን ገባብኝ።»

«እንግዳ አለ እኮ! ክፍሉን ላሳየው...»

«ዝጋው ብዬሃለሁ። የምታሳየው ነገር የለም።»

ለሆሳስ ቀድሞ ወደ ኋላ ተመለሰ። ባለ ሙሉ ፓኬጅም የበሩን እጀታ ይዞ ጥቂት ካመነታ በኋላ፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ዘጋው። ከዚያ ሳሎኑ መካከል ቆመ። እጁን ኪሱ ከተተ፤ አወጣ። ዓይኑ በግድግዳው ላይ ዞረ፤ የሚያርፍበት አጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ወደ ቤቱ ባመጣ ቁጥር ዕቃ አሳይቶ ሸኝቷል፤ ዕቃ ሳያሳዩ እንግዳን እንዴት እንደሚያጫውቱት የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

«ቁጭ በላ» አለው ለሆሳስ፣ ራሱ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «ቀስ ብለህ አውራ፤ ሰው ተኝቷል።»

የቤቱ ጌታ በገዛ ቤቱ ተጋብዞ ተቀመጠ።